ባትሪውን ከነድጓው የቆለፈ መኪና

ከይፋግ እስከ ጉና ግርጌ ድረስ እኔ ደሴ የማልከፍተው መኪና ገና አልተሠራም። መኪና እኔን ሲያይ በሩን ራሱ ከፍቶ «ግባ ጋሼ» ይላል። ደብረ ታቦር ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የተወለደ ነው፤ እሱንም እናቱ ትነግረዋለች።

አሁን የምጽፈው ግን ስላልከፈትኩት መኪና ነው። የከፈተችው ደብተርና እስክሪብቶ የምትሸጥ ሴት ናት።

ሥራ የጀመርኩት ጋሽ ሙላት ጋራዥ ነው። ጋሽ ሙላት ባለቤትም ፎርማንም ነበሩ። በዚያን ጊዜ በከተማችን የነበረውን መኪና ሁሉ፣ ሰባቱንም፣ የሚጠግኑት እሳቸው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን አንድ የጭነት መኪና ሥር አስገቡኝና የኋላ መብራቱን ሽቦ አስያዙኝ። «ቀዩን ከቀዩ ጋር ግጠም» አሉኝ። ገጠምኩ። ፊውዙ ተቃጠለ፣ ሽቦው ላይ የተጠመጠመው ናስትሮ ጨሰ፣ ሹፌሩ ከጋቢናው ዘሎ ወረደ።

«ቀዩን አላልኩህም?»

«ደንግጬ ነው ጋሽ ሙላት።»

«ሽቦ ምን አደረገህና ትደነግጣለህ፤ ጅብ መሰለህ?»

ከዚያ ቀን በኋላ የራሴን ዘዴ አበጀሁ። ማንኛውንም ሽቦ ከመንቀሌ በፊት የቁስል ፕላስተር ቆርጬ በሚለያዩት በሁለቱም ጫፎች ላይ እለጥፋለሁ፤ ቁጥርም እጽፍበታለሁ። ቁጥሩን በግዕዝ ነው የምጽፈው፦ ፩፣ ፪፣ ፫። ልጅ ሆኜ ቄስ ትምህርት ቤት የገባሁበት ትርፉ ይኸው ነው። ወሬው አዲስ አበባ ደረሰ፤ ከዚያም አልፎ ባሕር ተሻገረ የሚሉ አሉ። የሚሉት እኔ ነኝ።

ጋሽ ሙላት ለደንበኛ ሁሉ «ጥንቃቄ ከፈለጋችሁ ደሴ አለላችሁ» ይሉ ጀመር። ሌላው ስድስት ዓመት በረዳትነት ሲከርም እኔ በሦስት ዓመት ኤሌክትሪሽያን ተባልኩ። ማዕረጉን ያገኘሁት በጥንቃቄ ነው ተብሎ ነው። ጥንቃቄ ግን አልነበረም።

አሁን ለወጣት ባለሙያዎች አንድ ነገር ላስረዳ። ከአሮጌዎቹ የአውሮፓ የቤት መኪኖች አንዳንዶቹ ባትሪያቸው ከፊት አይደለም። ከኋላ ኮፈን ውስጥ፣ በስተቀኝ፣ ከወለሉ ሥር ነው። በስተግራ ከምንጣፉ ጀርባ ደግሞ የነዳጅ ፓምፑን የሚያዝዘው ሳጥን፣ ኃይሉን ከሚያበራና ከሚያጠፋው ሪሌና ከዋና ፊውዙ ጋር፣ ተቀምጧል። ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እንዲመጣጠን ነው ይባላል። መሐንዲሱ ጥሩ አስቧል። እኛ አገር የኋላ ኮፈን ውስጥ በግ እንደሚጫን ግን የነገረው የለም። የበግ ሽንት የበላው ሳጥን ስንት ጊዜ ፈትቻለሁ። አንዱ ውስጥ ገብስ በቅሎ አግኝቼ ነበር፤ ለእሸት ሁለት ሳምንት ቢቀረው ነው።

የሻረግ እንዲህ ያለ መኪና አላት። ደብተር ነጋዴዋ እሷ ናት። አብረን ነው የተማርነው። እሷ ከክፍል አንደኛ ስትወጣ እኔ ከክፍል ወደ ውጭ እወጣ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ አራት ሰዓት ላይ መኪናዋ በአራት ሰው እየተገፋ ጋራዥ ገባ። የፊት ወንበሩ ላይ አጎቷ መሪጌታ ጥበቡ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። ሰው ሲገፋም አልወረዱም።

«ምን ሆነ?» አልኳት።

«ከተማው መግቢያ ዳገቱ ላይ ጠፋ። ቁልፉን ባዞር ባዞር አንዲት መብራት እንኳ አትበራም። አሁን ጉራህን ተወውና የኋላውን ኮፈን ክፈትልኝ።»

«ገና ጉራ አልጀመርኩም እኮ።»

«ፊትህ ጀምሯል።»

ኮፈኑ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው። ከውጭ የቁልፍ ቀዳዳ አለው፤ ቁልፉ ግን ከዱሮም በባዶ ይዞራል። ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ባትሪ ደግሞ ያለው ኮፈኑ ውስጥ ነው። የጎተራውን ቁልፍ ጎተራው ውስጥ ጥሎ እንደ መዝጋት ነው። ሳቅሁ። መሪጌታ አልሳቁም።

«እዚያ ውስጥ የደብሩ ድጓ አለ» አሉኝ። ድጓ የዓመቱ ዜማ ሁሉ የተጻፈበት መጽሐፍ ነው፤ ይህኛው የብራና ነው፤ ደብሩም ሌላ የለውም። ቆዳው ስለተላጠ ይፋግ ወዳለ መጽሐፍ ደጓሽ ወስደው አዲስ ልብስ አልብሰው መመለሳቸው ነበር። «ለዕቃ ቤቱ ኃላፊ ለቄሰ ገበዙ በእጄ ፈርሜ ነው ያወጣሁት። ነገ ንግሥ ነው፣ ዛሬ ማታ ማኅሌት እንቆማለን። ደብሩ ጉና ግርጌ ነው፤ ለመድረስ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መነሣት አለብኝ።»

«ገና አራት ሰዓት እኮ ነው የኔታ። ምን ያስቸኩልዎታል?»

«የሚያስቸኩለኝን ስማ» አሉና ወርደው ትከሻዬን ይዘው ጆሮዬን ወደ ኮፈኑ አስጠጉት።

ጠብ። ጠብ። ጠብ።

የሻረግ ለእናቷ ጉልበት በየወሩ ከወንዛዬ ፍል ውሃ የምትቀዳበት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነው። ክዳኑ ላልቷል።

«መኪናሽን ያስተኛው ይኸ ውሃ ነው» አልኳት።

«የወንዛዬ ውሃ ስንቱን አልጋ ቁራኛ አስነሥቷል፤ እንዴት ሆኖ የኔን መኪና ያስተኛል?»

«ለጉልበት ነው የተፈቀደው። ለሽቦ አልተፈቀደም።»

እንዲህ ያለ መኪና ከፊት ኮፈኑ ሥር፣ ባትሪ ሲደክም ከውጭ ኃይል የሚሰጥበት አንድ ብረት አለው። ሌላ ባትሪ አምጥቼ እዚያ ላይ አሰርኩ። ምንም የለም። ወደ ኋላ የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ጫፉ ላይ ጨው በልቶታል ማለት ነው። የቁልፉን ቀዳዳ ዘይት አጠጣሁት። በባዶ መዞሩ ለሰለሰ እንጂ አልከፈተም።

የቀረው በኋላ መቀመጫ በኩል መግባት ነው። መቀመጫውን ወደ ላይ ስበን አነሣን፤ የመደገፊያውን ሁለት ብሎን በአሥር ቁጥር ቁልፍ ፈታሁ። ከበስተጀርባው ላሜራ አለ። ላሜራው መሃል ላይ ወይ ራስ ወይ አንድ ክንድ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይቀበልም። ግንባሬ ላይ መብራት አሥሬ መጀመሪያ ራሴን አስገባሁ።

ጀሪካኑ በጎኑ ወድቆ ከወዲያኛው ጥግ ተሰንቅሯል፤ እጅ አይደርስበትም። ውሃው ወለሉ ላይ ተኝቶ ወደ እኔ እየመጣ ነው። ከፊቱ ሁለት አራት ማዕዘን ጥቅሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በቀዳዳው ማውጣት አይቻልም፤ አይበቃቸውም። ከጎማው በላይ ያለው ጉብታ ግን ደረቅ ነው፤ አንዱን ይይዛል።

«ሁለት ጥቅል አለ። ከውሃው የማነሣው አንዱን ነው። የቱን ላንሣ?»

«ቀዩን» አሉ መሪጌታ ከበስተኋላዬ። «ድጓውን በቀይ ጨርቅ ነው የጠቀለልኩት። አረንጓዴው የእሷ ደብተር ነው።»

ራሴን አወጣሁና ክንዴን እስከ ብብቴ አስገባሁ። አንደኛውን ጥቅል ገፍቼ፣ ገፍቼ፣ ጉብታው ላይ አወጣሁት። ከባድ ነበር።

«ተነሥቷል የኔታ።»

«እግዚአብሔር ይስጥህ፤ እጅህን ይባርከው።»

ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ ብቻ ሆነ። መሪጌታ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አረፉ። ጠብ ጠብ የሚለው ድምፅ እንደ ቀጠለ ነው፤ የሚያስፈራው ግን የለም። እኔም ዘና ብዬ መቆለፊያውን በሽቦ ሜንጦ ማደን ጀመርኩ። እግረ መንገዴን የአንድ ሹም መኪና በክብሪት እንጨት እንዴት እንደ ከፈትኩ ለመሪጌታ አወራሁላቸው። ክብሪቱ ከዚያ በኋላም እሳት ለኩሷል ብያለሁ። እንዲህ ስል አንድ ሰዓት ሙሉ ሄደ። ክንዴ ወፍራም ነው፤ ክርኑ ጋ ሲደርስ አይታጠፍም።

«ውጣ ከዚያ» አለችኝ የሻረግ። ሰዓቷን ፈታ ለአጎቷ ሰጠችና ቀጭን ክንዷን እስከ ትከሻዋ አስገባች።

«ከመቆለፊያው ጎን ምላስ የመሰለች ብረት ትነካሻለች። ወደ ቀኝ ግፊያት።»

ገፋቻት። ኮፈኑ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም።

ሦስታችንም ወደ ውስጥ አየን። ጉብታው ላይ፣ ደረቅ ሆኖ፣ አንድ ጥቅል ተቀምጧል። ሌላው ከነጨርቁ ውሃ ውስጥ ተኝቷል።

«ደሴ» አለች የሻረግ ቀስ ብላ፣ «ያዳንከው የኔን ደብተር ነው።»

«ጨለማ ነበር» አልኩ።

«ግንባርህ ላይ የበራው ምንድን ነው ታዲያ? ቀንድ ነው?»

መሪጌታ መጽሐፉን አንሥተው ነጠላቸው ላይ አኖሩት፣ ጨርቁን ፈቱት፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ ገለጡ። ደጓሹ ያለበሰው አዲስ ቆዳ ብዙውን ከልክሏል። ውሃው የገባው ከመጨረሻው በኩል ነው። አራት ቅጠል።

«ቀዩ ፈሷል» አሉ።

በብራና ላይ የቅዱሳን ስም በቀይ ነው የሚጻፈው። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጥቁሩ ጽሕፈት በቦታው ነው። ከእሱ ሌላ ብራናው ላይ የሚታየኝ እርጥበት ብቻ ነበር።

«የት ነው የፈሰሰው የኔታ? ምንም አልሆነም እኮ፤ ደህና ነው።»

ለማጽናናት አልነበረም፤ ያየሁትን ነው የተናገርኩት። መሪጌታ ቀና ብለው ፊቴን አዩት። የሻረግም አንዴ እኔን፣ አንዴ አጎቷን አየች።

ከዚያ ደረቁን ጥቅል ፈታች። አዳዲስ ደብተሮቿን መሃላቸውን እየገነጠለች በእያንዳንዱ እርጥብ ቅጠል መካከል ታስገባ ጀመር። ወረቀቱ ውሃ ሲጠጣ ትለውጠዋለች። ስንት ደብተር እንደ ገነጠለች አልቆጠርኩም። እሷም አልቆጠረችም።

እኔ ወደ ሳጥኑ ሄድኩ። ምንጣፉን ገልጬ አራት ብሎኑን በካቻቢቴ ፈታሁ። ውስጡ ሰሌዳው ላይ ጨው አብቧል፤ የአንዱ ሪሌ እግር ተበልቶ ተቆርጧል። ወደ ሳጥኑ የሚገቡት ሽቦዎች አሥራ አራት ናቸው። ፕላስተሬን አውጥቼ መለጠፍና መጻፍ ጀመርኩ።

መሪጌታ ቅጠሉ እስኪደርቅ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ቁጥሩ ለምንድን ነው?»

«ለጥንቃቄ ነው የኔታ።»

«ሽቦው ቀለም የለውም?»

«አለው።»

«እና ቀለሙ አይበቃም?»

ለሁሉ ነገር መልስ አለኝ፤ ለቀብርም ለሠርግም ቀልድ አለኝ። ለዚህ ግን ፕላስተር ቆረጥኩ። መሪጌታ በመቋሚያቸው ጫፍ አመለከቱኝ።

«ስምንተኛውን አጥብቀህ ለጥፈው። ሊወድቅብህ ነው።»

ሰሌዳውን በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጠብኩ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ፣ የተቆረጠውን እግር በየድኩ። የወፍራሙን ገመድ ጫፍ ቆርጬ አዲስ አፍ አሰርኩለት። ሳጥኑንም ወደ ቦታው አልመለስኩትም። ከወለሉ አንሥቼ ከኋላ መስተዋቱ ሥር ካለው ላሜራ ላይ በቅንፍ ሰቀልኩት፤ ውሃ እስከዚያ አይዋኝም። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ተነሣ። ጀሪካኑ ከወንበሯ ጀርባ፣ ድጓው ከመሪጌታ ጉልበት ላይ ሆነው ሄዱ።

የሆነውን ከየሻረግ የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። መሪጌታ ማኅሌቱ ሳይጀመር መጽሐፉን ለቄሰ ገበዙ ገልጠው አሳዩ። «ውሃ ነካብኝ፤ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። ከእንግዲህ ከዕቃ ቤት አንድ ነገር ይዘው እንዳይወጡ ተባለ። ሠላሳ ዓመት በመሩት ደብር ውስጥ ነው ይህ። ቀይ ቀለም በጥብጠው የፈሰሱትን ስሞች አንድ በአንድ መልሰው ጻፉ፤ ቀጥሎ የገባውን ጾም ሙሉ ፈጀባቸው።

«ስምህን አልጠሩም» አለችኝ። «እኔም አልጠራሁም።»

ለሙያ ጓደኞቼ የምለው ይህን ነው። ከኋላ ኮፈኑ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ያለበት መኪና ላይ ውሃ አይጫንም፤ የወንዛዬም ቢሆን። መኪናው ከመቆለፉ በፊት የመቀመጫውን መንገድ እወቁ። ሽቦ ከመንቀላችሁ በፊት ቁጥር ለጥፉበት።

ያን ቀን ጨለማ አልነበረም። መብራቴ በርቶ ነበር፣ ሁለቱንም ጥቅሎች አጥርቼ አይቻቸዋለሁ። ቀይና አረንጓዴ መለየት አልችልም፤ ከተወለድኩ ጀምሮ አልችልም። ሃያ ስድስት ዓመት የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነኝ። «ቀለም አልለይም፣ በሌላ ምልክት ንገሩኝ» ማለት ይበቃ ነበር። አፈርኩና በግምት ገፋሁ።