ጀርባ የሚያይ ሰው

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ጀርባ ሲያይ የኖረ ልብስ ሰፊ ነው። ኮት የሚለካ ደንበኛ መስተዋት ፊት ቆሞ አንገቱን ሲጠመዝዝ፣ «ከኋላ ልክ ነው፤ እኔን እመነኝ» ይለዋል። የእሱን ጀርባ ግን ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያየው የለም፤ ለነገሩ ማን ጉዳዬ ብሎ?

የዘንድሮው ጉንፋን አልጋ ላይ ጣለው። በማግስቱ እየተንቀጠቀጠ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሟ ኢንፍሉዌንዛ ነው ብላ የአምስት ቀን ኪኒን ልትጽፍለት ስትል፣ ለልቡ ደም ማቅጠኛ እንደሚወስድ ነገራት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ አንዳንድ ሰው ላይ መድማት ያመጣሉ፣ አባቴ። ኪኒኑን ይውሰዱ፤ ግን ገላዎ ሳይመታ ከበለዘ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይምጡ። ጀርባዎን የሚያይልዎት ሰው ቤት አለ?»

«ሞልቷል!» አለ።

ቤቱን የሞላው አንድ አልጋና ሁለት ወንበር ነው። ኩራት ነው እንግዲህ፤ ሰውዬው ብቸኝነቱን እንደተቀደደ ሱሪ በእጁ ሸፍኖ የሚሄድ ዓይነት ነው።

በሦስተኛው ቀን ወገቡ አካባቢ ከበደው። ሱቁ ገብቶ ሸሚዙን አወለቀና በትልቁ መስተዋት ፊት ትንሿን መስተዋት ከትከሻው በላይ ይዞ ጀርባውን ፈለገ። መነጽሩ ላብ በላብ ሆኗል። አንድ ጥቁር ነገር ታየው። ጥላ ይሁን ብልዝ መለየት አቃተው። ፈራ። የፈራው ሞትን ብቻ አይደለም፤ ቢሞት ስንት ቀን ሳይታወቅ እንደሚቆይ አሰበ።

ከሳንቃው ግድግዳ ማዶ የስፌት መኪና ይንጫጫል። የዚያኛው ሱቅ ልብስ ሰፊ አፉ ስለማይከፈት ሰፈሩ «ዚፕ» ይለዋል። የማን ሰሌዳ ከላይ ይሰቀል በሚል ተኳርፈው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰላም እንኳ አይባባሉም። ሸሚዙን በእጁ እንደያዘ ሄዶ የዚፕ በር ላይ ቆመ።

ዚፕ መኪናውን አቆመ። «ምን ፈለግህ?»

«ጀርባዬን እይልኝ።»

ዞረለት። ዚፕ ጎንበስ ብሎ አየና፣ «በልዟል። መዳፍ ያክላል። ልበስ፣ እንሂድ» አለ። ሱቁን ቆለፈ።

ሐኪም ቤት ደሙ ተመረመረ፤ ከልኩ በላይ ቀጥኗል። ሐኪሟ ደም ማቅጠኛውን ለጥቂት ቀናት አስቆመችውና ወደ ዚፕ ዞረች። «እኚህ አባት ቤት ሞልቷል ካሉኝ ሰዎች አንዱ እርስዎ ነዎት? የብልዙን ጠርዝ ያስምሩበት። መስመሩን ካለፈ ዛሬውኑ ያምጡልኝ።»

ዚፕ አላስተባበለም።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሱቃቸውን ከመክፈታቸው በፊት ልብስ ሰፊው ይዞራል፤ ዚፕ በልብስ ጠመኔው በብልዙ ዙሪያ ያሰምራል። ወሬ የለም። ጠመኔው ይቀዘቅዛል፣ ትንሽም ይኮረኩራል። ልብስ ሰፊው መስመሩ እንዳይጠፋበት ማታ በሆዱ ይተኛ ጀመር። ክቡ በየቀኑ ጠበበ። ጉንፋኑም ለቀቀው፤ ደሙም ወደ ልኩ ተመለሰ።

በአሥራ አራተኛው ቀን ዚፕ ሸሚዙን ወደ ታች ሳበለትና፣ «ጠፍቷል። ንጹሕ ነው» አለው። ሄዶ መኪናው ላይ ተቀመጠ።

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። አላለውም። በማግስቱ በዚያው ሰዓት በራሱ ሱቅ ሸሚዙን አውልቆ ቆመና ከሳንቃው ማዶ የሚመጣውን የመኪና ድምፅ አዳመጠ። ደንበኛ አልመጣም። በመጨረሻ ወደ ዚፕ ሄደ።

«እንደገና የበለዘ መሰለኝ» አለ፣ ፊቱን ሳያሳይ።

ዚፕ ንጹሑን ጀርባ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጠመኔውን አነሳና ምንም በሌለበት ቆዳ ላይ ክብ አሰመረ።

«ነገ እናየዋለን» አለው።