አራተኛው ወፍ

ቅድመ አያቴ ወልደአረጋይ ሙግት አዋቂ ነበር። ከአንኮበር በታች፣ ወደ አልዩ አምባ ገበያ በሚወርደው አፋፍ ላይ ባለች ትንሽ ደብር ኖሮ እዚያው ተቀበረ። መሬቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ሀብቱ ጆሮው ነው። ሌላው ሰው የተነገረውን ሲሰማ እሱ ሳይነገር የታለፈውን ይሰማ ነበር። በቤታችን ይህ ወሬ ሲነሣ ዘመዶቼ ደረታቸውን ይነፋሉ። እኔ አልኮራበትም፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው ያወቀ ሰው የሚኮራበት አይመስለኝም።

ስሙን ያወጣው አንድ በሬ ነው። የወዲያኛው ደብር ሰው በሬው ጠፍቶበት ሲፈልግ አድሮ፣ ሲነጋ ከጎረቤታችን በረት አገኘው። «ከበረትህ ተገኘ፤ እንግዲህ አንተ ነህ የሰረቅኸው» አለ። ዳኛውም ታዳሚውም ራሱን ነቀነቀ። ወልደአረጋይ ግን ነጠላውን አደግድጎ ተነሣና «በሬህ እግር የለውም?» ሲል ጠየቀ። በሬው ለካ በጥጃነቱ ያደገው እዚያው ግቢ ነው፤ ተሸጦ ከሄደ በኋላ ያደገበት ናፍቆት በገዛ እግሩ ተመልሷል። ከሳሹ «በሬ ሰው ካልነዳው አይሄድም» አላለም። ሳይለው ግን ክሱ በሙሉ የቆመው በዚያ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ ወንዶች ደጀ ሰላም ተቀምጠው ጽዋቸውን ሲጠጡ ወልደአረጋይን «እስቲ ክሰስ!» ይሉታል። እሱም ከተቀመጡት አንዱን መርጦ፣ የሠራውንም ያልሠራውንም አንሥቶ፣ አሳምሮ ይከሰዋል። ሲጨርስ «ያላልኩት ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከክሱ ሥር የተደበቀችውን ያገኘ ይመረቃል፤ ያላገኘ ይሣቅበታል። ክሱ እንዲያምርና እንዲቆረቁር እውነተኛ ስምና እውነተኛ ነገር ያስገባበት ነበር። «ለስሙ ክስ ማን ይጨነቃል?» ይል ነበር።

ከብት ያለቀበት ዓመት መጣ። ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ አንድ መሆኑ ነው። በሽታው በረት በረቱን አራቆተው፤ ሰው ዶማ ይዞ መሬት ለመቆፈር ተነሣ። በዚያ መከራ ላይ የአገሩ ገዥ፣ መልከኛው፣ ከጭሰኛው የሰበሰበው እህል ያለበት ጎተራ አንድ ምሽት ነደደ። ሰው ያቃጥለው መብረቅ፣ ያየ የለም። የተቃጠለውን እህል ሽታ ግን አገሩ ሁሉ በባዶ ሆዱ አሽትቶታል።

በሚቀጥለው እሑድ ደጀ ሰላም ሌላ ወሬ አልነበረም። «ወልደአረጋይ፣ እስቲ በጎተራው ክሰስ» አሉት። ዞር ሲል አጠገቡ የልጁ የይርጋለም ባል፣ ብርሃነ መስቀል፣ ተቀምጧል። ሌላውን ቢከስ በዚያ ሰሞን ደም ያፋስሳል፤ አማቹ ግን አይቀየመውም። እጁን በብርሃነ መስቀል ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ እየሣቀ ከሰሰው።

«ከበሽታው የተረፈለትን አንድ በሬ መልከኛው ወሰደበት፤ ቂም ይዟል። ጎተራው በነደደበት ምሽት እሳት ይዞ በመንገድ ሲሄድ ታይቷል። ቂሙን በገል ተሸክሞ ሄደ! እንግዲህ ያቃጠለው እሱ ነው። ያላልኩት ምንድን ነው?»

በሬው መወሰዱ እውነት ነው። እሳት መያዙም እውነት ነው፤ ይርጋለም ታማ ተኝታ ስለነበር ከጎረቤት እሳት ሊጭር ወጥቶ በገል፣ በሸክላ ስባሪ፣ ይዞ ተመልሷል። መልሱ ቀላል ነበር፤ በዚያ ምሽት እሳት ያልጫረ ቤት የትኛው ነው? ብርሃነ መስቀል ራሱ ሣቀና አፉን ሊከፍት ሲል ጭቃ ሹሙ ከውጭ ገባ። «በመልከኛው ትእዛዝ አውጫጭኝ ሆኗል! ወንድ የተባለ ሁሉ አሁኑኑ ውጣ!» አለ። ጽዋው እንደተቀመጠ ቀረ። ጥያቄውም ሳይመለስ ቀረ።

አውጫጭኝ ማለት ይህ ነው፦ ያገሩ ወንድ ሁሉ ባንድ ቦታ ይታጎራል፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። የሚያውቅ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሮ ሹክ ይላል፤ እሱም ወፍ ይባላል። የወፍ ስም አይጠየቅም። በእኛ ደብር ሦስት ወፍ አንድ ሰው ከጠሩ ነገሩ አለቀ። ሰው ካልተጠራ ደግሞ አገሩ በሙሉ ይከፍላል። በዚያ ዓመት አገሩ የሚከፍለው ምን ነበረው? ከቆዳ በቀር ምንም።

ያጎሯቸው ከብቱ ባለቀበት በመልከኛው ሰፊ በረት ነው። የሽማግሌዎቹ አለቃ አባ ገብረአማኑኤል ነበሩ። ገና ሲጀመር ወልደአረጋይ ተነሥቶ «አባቴ፣ ማን አቃጠለው ብለን ስንጠይቅ፣ ሰው አቃጥሎታል ብለን ጨርሰናል። ይህን ማን አየ?» አላቸው።

«መልከኛው የጠየቁን ሰው ነው» አሉ ገብረአማኑኤል። «መብረቅ አስሬ አንኮበር ልውሰድ?»

መጀመሪያ ሁሉም «አላየሁም፣ አልሰማሁም» እያለ ማለ። ውሎ ሲያድር ግን ራቡ ጠና፤ ከበረቱ ውጭ የልጆች ልቅሶ ይሰማል። ጉሙ ከአፋፉ እየወጣ ሌሊት ሌሊት ይጋርዳቸዋል፤ ሽማግሌ ብርዱን አልቻለም። እነዚያን ሰዎች ውሸታም ብዬ ልስደብ አስቤ ነበር፤ አፌ እንቢ አለኝ። የተራበ ሰው ትዝ የሚለው የሰማው ነገር ነው፤ የት እንደሰማው አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ገብረአማኑኤል ተነሥተው «ሦስት ወፍ አንድ ስም ጠርቷል» አሉ። «ብርሃነ መስቀል ነው።»

ልጁ ቀና ብሎ አማቱን አየ። አልፈራም። የወልደአረጋይ ሴት ልጅ ባል ምን ያስፈራዋል?

ወልደአረጋይም «በላ ልበልሃ!» ብሎ ተነሣ። «አባቴ፣ ሦስት ወፍ ብለዋል። ሦስቱም በየዓይናቸው አይተዋል አላሉም። አንዱ አይቶ ሁለቱ ከሱ ሰምተው ከሆነ፣ ሦስት ሳይሆን አንድ ነው። አንዱም ከሌላ ሰምቶ ከሆነ፣ ምንም ነው።»

ከዚያ በላይ ያማረ ሙግት በሕይወቱ ተናግሮ አያውቅም ይላሉ።

«የወፍ ስም አይጠየቅም» አሉ ገብረአማኑኤል።

«ስም አልጠየቅሁም። ቃላቸውን ይንገሩኝ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩና ገብረአማኑኤል መለሱ። «አንደኛው፣ በሬው ተወስዶበት ቂም ይዟል፤ በዚያ ምሽት እሳት ይዞ ታይቷል፤ ቂሙን በገል ተሸክሞ ሄደ፣ አለ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛውም ያንኑ፣ ቂሙን በገል፣ አለ።»

ወልደአረጋይ ተቀመጠ። ተከራክሮ ሳይጨርስ ሲቀመጥ አገሩ ያየው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሦስቱ ወፎች ከአንድ ጎጆ ወጥተዋል ብሎ ነበር፤ ጎጆው የገዛ አፉ ሆኖ አገኘው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላል ያገራችን ሰው፤ ወደ ገደል የገባ ቃል በምን ይመለሳል?

እንደገና ተነሣ። «ቃሉ የኔ ነው» አለ። «ወፍ ከተባለ ወፉ እኔ ነኝ። እሑድ ደጀ ሰላም ለጨዋታ የተናገርኩት ነው። እነሱ የደገሙት ያንን ነው። እግዚአብሔር ያያል፣ ልጁ ምንም አላደረገም።»

ጉርምርምታ ተነሣ። ገብረአማኑኤል ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የገዛ የልጅ ልጃቸው ከውጭ ያለቅስ ነበር። ወደ ወልደአረጋይ ጠጋ ብለው በዝግታ ጠየቁት።

«ብርሃነ መስቀል ጎተራውን አቃጠለ ብለሃል?»

«ብያለሁ፤ ነገር ግን...»

«አንተ? ሙግት አዋቂው? በገዛ ልጅህ ባል ላይ?»

«ብያለሁ አባቴ፤ ግን...»

«እንዲህ ያለውን ነገር አማት በአማቹ ላይ ሳያውቅ አይናገርም» አሉና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «አራት።»

ከዚህ ቃል ሥርም ያልተነገረ ነገር ነበር፤ ሰው የማያምነውን አይናገርም የሚል። ወልደአረጋይ ከማንም ቀድሞ ሰምቶታል። ሊያወጣው አፉን ሲከፍት ግን ሰው ሁሉ ቤቱ ሊገባ ተነሥቶ አቧራውን እያራገፈ ነበር። ብርሃነ መስቀልን እጁን ወደ ኋላ አስረው በላይኛው በር ወደ አንኮበር አወጡት። ከዚያ አልተመለሰም፤ በእስር ቤት በወረርሽኝ ሞተ ይባላል።

ወንዶቹ በታችኛው በር ሲወጡ ወልደአረጋይን አንዳንዶቹ ትከሻውን ሳሙት። «እግዜር ይስጥልን፣ አንተ ባትናገር እዚሁ ማለቃችን ነበር» አሉት።

ይርጋለም ከበሽታዋ ገና ሳታገግም፣ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ የሁለት ሰው ቆሎ በነጠላዋ ቋጥራ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቀድመው የወጡት «አባትሽ ተናግሮ ነው የተፈታነው» ብለዋታል። ምን እንደተናገረ አልጠየቀችም፤ ስታውቀው ምኑን ትጠይቃለች። አባቷን ስታይ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ አለች።

«ተናገርክለት አሉኝ» አለችው ቀና ስትል። ከዚያ በትከሻው ላይ አሻግራ፣ ባሏ እስኪወጣ፣ በሩን ታይ ጀመር።