በሬይኖ ደጅ ብቻ የጣለ በረዶ

ጎረቤቴ ሬይኖ ካንጋስ ሰማንያ አራት ዓመቱን ሲደፍን አንድ እምነት ብቻ ነበረው፤ በረዶ የሚዝቅ ሰው አይሞትም። ዕድሜውን ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ጨርሶ፣ ሚስቱን ቀብሮ ብቻውን ሲቀር ደግፎ ያቆመው አካፋው ነው። ብርዱ ከገባ ጀምሮ የራሱን ደጅ ይጠርጋል፣ ቀጥሎ የእኔን፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑን። እኔ በመስኮት እያየሁ አመሰግነዋለሁ። ጉልበቴን ያመኛላ።

አዛውንቶች ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሠሩት ስፖርት አለ ሲሉኝ አንድ ቀን ይዤው ሄድኩ። እጁን ትንሽ አወዛወዘና ተነሣ።

«ተቀምጬ ስፖርት ከሠራሁ፣ ተኝቼ ምን ልሠራ ነው?» አለኝ።

«ትሞታለህ።»

«እሱን ያለ አሠልጣኝ እችለዋለሁ።»

ያን ዓመት ግን ሰማዩ ከዳን። ጥር ገብቶ፣ ወትሮ በረዶ በሚሸፍነው የአሜሪካ ግዛታችን፣ ሰሜን ሚኒሶታ ላይ ሣር ይታያል። ሬይኖ በየጠዋቱ አካፋውን ይዞ ደጁ ላይ ይቆምና ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ብዙም ሳይቆይ ትከሻው ተሳሰረ፤ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል፤ ካልሲ ለማጥለቅ አልጋ ላይ መንደባለል ጀመረ። ይህ ሳያንስ ልጁ ማርሊስ ከሚኒያፖሊስ ከተማ ደወለች። ቅዳሜ መጥታ ልታየው ነው። ብቻውን መኖር የማይችል ከሆነ እሷ ሰፈር ያለ የአረጋውያን ቤት ውስጥ ክፍል ይዛለታለች።

«ክፍሉ ምንጣፍ አለው አለችኝ» አለኝ። «ምንጣፍ ይዛቃል እንዴ አርቪድ?»

አንጀቴን በላው። በበረዶ ሜዳ ላይ ሆኪ የሚጫወቱበት የከተማችን አዳራሽ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። የበረዶ ሜዳውን እየፋቀ የሚያስተካክለው መኪና ፍቅፋቂውን በረዶ ከአዳራሹ ጀርባ ይከምረዋል፤ ክምሩ ቤት ያክላል። ፒክአፔን አስነሣሁ፤ እስኪሞላ ዛቅኩና አምጥቼ ሬይኖ ደጅ ላይ ዘረገፍኩት። እሱ አካፋውን አነሣ። ጠርጎ ሲጨርስ ሌላ አመጣሁ። በማግስቱም እንዲሁ። መንገደኛው መኪናውን አቁሞ ሰማዩን ያያል፣ የሬይኖን ደጅ ያያል፣ ከዚያ ራሱን እየነቀነቀ ይሄዳል። የቤተ ክርስቲያኑ ፓስተርማ «እኛ ደጅ የማይጥለው በምን ኃጢአታችን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሐሙስ ዕለት ሬይኖ ካልሲውን ቆሞ አጠለቀ። የእኔም ጉልበት በዚህ ሁሉ መሃል ማመሙን ረስቶታል።

አርብ የመጨረሻውን ጭነት ጠርገን ቅዳሜ ንጹሕ ደጅ ላይ ልንቀበላት ነበር ሐሳባችን። ማርሊስ ግን አርብ ከተፍ አለች። ፀሐይ ወጥቷል። አባቷ በሹራብ ብቻ ላቡን እያንጠፈጠፈ ይዝቃል፣ እኔ ከኋላው በረዶ እደፋለሁ። ከመኪናዋ ወርዳ እግሯ ሥር ያለውን ሣር አየች፣ በረዶውን አየች፣ ዐይኗ በእንባ ሞላ።

«አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«በረዶ እየጠረግኩ ነዋ።»

«በረዶ እኮ አልጣለም።»

«አውቃለሁ። አርቪድ ነው የሚያመጣልኝ።»

መልሱ ነገሩን አባሰው። ወደ እኔ ዞረች። «ጋሽ አርቪድ፣ እርስዎም?»

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ የቀረውን አራገፍኩ።

«በቃ፣ ዕቃህን እናዘጋጅ። ዛሬውኑ እንሄዳለን» አለችው።

ሬይኖ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ቢሆንም አልተቆጣም። «ደጄን ሳልጠርግ የትም አልሄድም። ከቸኮልሽ አግዢኝ፣ ሌላ አካፋ አለ።»

ቶሎ ለመገላገል ብላ ተቀበለችው። ማርሊስ ወደ ስድሳው እየተጠጋች ነው፤ ሥራዋ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው። እሱ በግራ፣ እሷ በቀኝ ጀመሩ። ብዙም አልዛቀች፤ ወገቧን ይዛ እያለከለከች የመኪናዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ሬይኖ የራሱን ጨረሰ። ሳያርፍ ወደ እሷ ተሻግሮ የእሷንም ጨረሰ። ከዚያ መጥቶ ፊት ለፊቷ ቆመና እግሯን አየ። ጎንበስ አለና የተፈታውን የጫማዋን ማሰሪያ አሰረላት።

«ብቻሽን ነው አይደል የምትኖሪው?» አላት ሲነሣ።

«አዎ፣ አባዬ።»

«የልጅነት ክፍልሽ ባዶ ነው። ምንጣፍ የለውም።»

ማርሊስ የታሰረላትን ጫማ አየች። ከዚያ ዐይኗን ጠራርጋ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሽ አርቪድ» አለችኝ፣ «በረዶው ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚጥለው?»