ፋሲካን ያስቀደምኩበት ቀን

ያን ቀን ጠዋት ፋሲካን በአንድ ሳምንት አስቀደምኩት። ዓረብ አገር፣ ሳልሚያ የሚባል ሰፈር ውስጥ የፎቅ ዘበኛ ነኝ፤ ግን በልጅነቴ ከየኔታ ዘንድ ባሕረ ሐሳብ ቀምሼ ነበርና፣ በየዓመቱ አጽዋማትንና በዓላትን አስልቼ ሰው ቤት ለሚሠሩ እህቶቻችን በስልክ፣ በድምፅ እልክላቸዋለሁ። በኮሮና ጊዜ መንገደኛ ጠፍቶ የግድግዳ ካላንደር ከአገር ሳይመጣ ሲቀር፣ እኔው ማተሚያ ቤት ሆኜ አረፍኩ። ኩራቴን ባያችሁት!

ስሌቱ ያን ያህል አይከብድም። ዓመተ ዓለሙ፣ ከፍጥረት ጀምሮ የተቆጠረው ዘመን፣ ለዐሥራ ዘጠኝ ይገደፋል፤ ይካፈላል ማለት ነው። ከቀሪው ላይ አንድ ይተዋል፤ የያዝነው ዓመት ገና አላለቀምና። ነነዌውም፣ ዐቢይ ጾሙም፣ ትንሣኤውም ከዚያ ይመዘዛል። እኔ ያቺን አንዷን ረሳኋት።

ማታ፣ ሱራ ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ ደወለች። የኔን ቃል አምና፣ ጅሊብ ሰፈር ካለች እህቷ ጋር የምትፈስክበትን አንድ ቀን ከማዳሟ ለምና አስፈቅዳለች፤ ሚያዝያ ዐሥራ ሰባትን።

«አባባ፣ ስልኬ ግን ሃያ አራት ነው ይላል።»

«ስልክሽ ከየትኛው የኔታ ተማረ?»

«እሱስ አልተማረም። ግን እውነቱን ከሆነ፣ እርስዎ በሆሳዕና ዶሮ ሊያስበሉኝ ነው!»

በጣቴ ደግሜ ገደፍኩ። ላብ አጠመቀኝ። ማስክ ማድረጌ በጀኝ እንጂ፣ የፎቁ ሰዎች ፊቴን ቢያዩት ሐኪም ይጠሩልኝ ነበር።

«ልጄ፣ ስልክሽ ጎበዝ ተማሪ ነው» አልኳት።

ለሁሉም «ፋሲካ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች» ብዬ ላክሁ። አንዷ ወዲያው መለሰች፦ «ገናስ ደህና ናት?»

የሱራዋ ልጅ በማግስቱ ደወለች። ማዳሟ መጀመሪያ ተቆጥታ፣ ኋላ ስቃለች አለችኝ። «የኛም ዒድ ጨረቃ ካልታየች ይገፋል። ያንቺ ሽማግሌ ግን ምን አይቶ ነው?» ብላ ቀኑን ለወጠችላት። በምትኩ ግን የዒድ ዕረፍቷን ወሰደችባት።

«የወሰደችብሽን ቀን እኔ እከፍልሻለሁ» አልኳት፣ አፌ አያርፍም። በምን እንደምከፍል አላውቅም፤ ዘበኛ የራሱም ዕረፍት የለው።

ዛሬም ስትደውል «ቀንሽን ልክፈልሽ?» እላታለሁ።

«ይቆይልኝ፣ አባባ። መጀመሪያ መቁጠር ይልመዱ» ትለኛለች።

ያቺ አንድ ቀን እስካሁን አለችብኝ።