እትዬ ብርቄ በቁሙ ያለቀሱለት የጥርስ ሐኪም

ጎረቤቴ እትዬ ብርቄ ዛሬ በሕይወት ላለ የጥርስ ሐኪም «ነፍስ ይማር» ብለው አለቀሱለት!

ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ካደረጉ ወር አለፋቸው፤ ደህና ናቸው፣ ተመስገን። ልጃቸውም ከከተማው ወጣ ካለው ኡፕላንድስ ቬስቢ በየቀኑ ትደውላለች። ግን የጉልበታቸው ሐኪም «ካልተራመዱ ጉልበቱ ደርቆ ይቀራል» ቢላቸውም ከሶፋው ንቅንቅ አላሉም።

ዛሬ በስንት ልመና እስከ መንገዱ ጥግ ወሰድኳቸው። እዚያ ግድግዳ ላይ ያለውን የመታሰቢያ ጽሑፍ አይተው «ምን ይላል?» አሉኝ።

«እዚህ ቤት አንዲት መምህርት ይኖሩ ነበር ይላል።»

«ውይ! ነፍስ ይማር። ዘመድስ ነበራቸው?» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ።

ሰፈራችን ሶደርማልም ደግሞ የሟች ስም ያልተለጠፈበት ግድግዳ ያለው አይመስልም! ከአንዱ ወደ አንዱ ስንል ድካሙ እኔን ያዘኝ። (ኦፕራሲዮን ያደረገው ማን ነበር?) የጫማዬን ክር ሳስር ጥለውኝ ሄዱ።

ስደርስባቸው አንድ ስም የተጻፈበት የነሐስ ሰሌዳ ፊት ቆመው እንባቸውን ይጠርጋሉ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሰውዬ በሩን ከፍቶ፣ አፋቸውን መሸፈናቸውን አይቶ ነው መሰለኝ፣ በስዊድንኛ «ጥርስዎን ነው ያመመዎት?» ይላቸዋል።

«እትዬ፣ ስሙ የተጻፈው ሰውዬ እኮ እሱ ራሱ ነው! የጥርስ ሐኪም ነው!»

«ታዲያ ሳይሞት ስሙን ግድግዳ ላይ ምን አሰቀለው?» አሉና ወደ ሐኪሙ ዞረው «በል ልጄ፣ ዕድሜ ይስጥህ።»

ቤት እንደገባን ገና ሳይቀመጡ «ነገ በማዶ በኩል እንሂድ፣ ያላየናቸው አሉ» አሉኝ።

እናንተስ ወላጆቻችሁን በምን ዘዴ ነው ከቤት የምታስወጧቸው? ሟቾቹ ሳያልቁብኝ ንገሩኝ!