ከሞላሌ የመጣው መላጊያ

ገዢው የአባቴን የእንጨት መላጊያ ማሽን ሊሞክር ሲያስነሳው፣ የጽድ ፍቅፋቂ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው።

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመቱ፣ አባቴ ማሽኑን ሞላሌ ከተማ ከሚኖሩ ሽማግሌ አናጢ ሲገዛ አብሬው ነበርኩ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ እንጂ» አላቸው።

«እንጀራ የበላሁበት ነው። ወስደህ ሸጠህ ልታተርፍበት ከሆነ አልቀንስም።»

አባቴ እጁን አናቴ ላይ ጫነ። «ከቤቴ ካወጣሁት ይህችን ልጅ ይንሳኝ!»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ዋጋውን በግማሽ ቀነሱለት። «አንቺም ሰምተሻል፣ ልጄ» አሉኝ።

አባቴ ካረፈ ቆየ። እኔም ይህን ማሽን ሸጬ ከዚህ ከተማ ልወጣ ስል ስንት ዓመቴ!

ገዢው ማሽኑን አጥፍቶ «በይ፣ የመጨረሻውን ዋጋ ንገሪኝ» ይለኛል። እጄን አናቴ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ።