ያላነሳሁት ክርስትና

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእህቴ አልነገርኩም፣ ለጎረቤት አልነገርኩም፣ በየወሩ ንስሐ በምገባበት ቄስ ፊት ተንበርክኬም አልነገርኩም። ለቄሱ ሐሜቴን ነግሬያለሁ፣ ንዴቴን ነግሬያለሁ፣ በጾም ቀን ወተት የነካ ማንኪያ መላሴን ሳይቀር ነግሬያለሁ። ይህን ግን እየዘለልኩ ይኸው አረጀሁ። ለእናንተ የምናዘዘው ደፋር ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ፊታችሁን ስለማላየው ነው።

ስሜ ተሬዛ ነው። የካ ሚካኤል አካባቢ ስኖር በሰፈሩ ካቶሊክ እኔ ብቻ ስለነበርኩ "ካቶሊኳ" ይሉኝ ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ሲስተሮች በምንላቸው ሴት መነኮሳት ግቢ ውስጥ ለልጃገረዶች ስፌት አስተምር ነበር። ባል የለኝም፣ ልጅ የለኝም። የነበረኝ አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት፣ አንድ የስፌት መኪናና ስሜ ነው። ስሜ ስል "ተሬዛ አትዋሽም" የሚለውን ወሬ ማለቴ ነው። በዚህ ወሬ እኮራ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከእምነቴ ይልቅ የምወደው እሱን ሳይሆን አይቀርም።

ስፌቱ ሲያበቃ ለልጃገረዶቹ ስለ ጽንስ እነግራቸው ነበር። ጽንስ ነፍስ ነው፣ ከተፀነሰበት ቀን ጀምሮ ሰው ነው፣ አፍ ስለሌለው እኛ አፍ እንሁንለት እል ነበር። ያን ጊዜ ጠዋት ወደ ሥራ ስንወጣ የተገደለ የሰው ልጅ መንገድ ዳር ወድቆ እናይ ነበር፤ ዓይናችንን መልሰን እናልፋለን። ስለዚያ ትንፍሽ የሚል አልነበረም፤ እኔም አላልኩም። ስላልተወለደው ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ እናገር ነበር። ልክ ነበርኩ ወይስ የማያስከፍለኝን መርጬ ነበር? ሁለቱም ይመስለኛል።

ከተማሪዎቼ አንዷ አስካለ ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ አባቷ ከእንጦጦ ማርያም ጀርባ ገብስ የሚዘራ ቁጡ ሰው። እጮኛዋ ተማሪ ነበር፤ አንድ ጠዋት የአብዮት ጥበቃዎች ከመንገድ ወሰዱት፣ ከዚያ ወዲህ ደብዛው ጠፋ። እሱን የሚያውቅ ሁሉ ይፈለግ ነበር።

አንድ ቀን ጓደኞቿ ሲወጡ አስካለ ቀረች። መቀሱን በእጇ እያገላበጠች፣

"እትዬ ተሬዛ፣ አርግዣለሁ። ሦስት ወሬ ነው" አለችኝ። "ከተራራው ወዲያ አንዲት ሴትዮ አለች አሉኝ። ነገ ልሄድ ነው።"

"አትሄጂም" አልኳት።

"ታዲያ የት ልድረስ? አባቴ ይገድለኛል። የማን እንደሆነ ከታወቀ ደግሞ ቀበሌ ይወስደኛል።"

"እኔ ቤት ነይ። ውለጂው። ክርስትናውን እኔ አነሳዋለሁ።"

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ክርስትና ማንሳት እኛ አገር ቀልድ አይደለም፤ ለልጁ ሁለተኛ እናት፣ ለእናትየው አበልጅ መሆን ነው። አበልጅ ከሥጋ ዘመድ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። አስካለ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ሳቀች። "ካቶሊክ ክርስትና ያነሳል እንዴ? የእኔ ልጅ እኮ እንጦጦ ማርያም ነው የሚነሳው፤ ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀኗ!" አለችኝ። "መጀመሪያ ይወለድ፣ ከዚያ እንጣላለን" አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ "አበልጄ" እያለች ጠራችኝ።

ሁለት ወር አብረን ኖርን። በሕይወቴ እንደዚያ የሳቅሁበት ጊዜ የለም ብል አልዋሸሁም። ለክርስትናው የሚሆን ነጭ ጨርቅ ገዝቼ ቆረጥኩላት፣ ጠርዙን ራሷ በእጇ ትሰፋው ጀመር። ልጁ መንቀሳቀስ የጀመረ ቀን እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አሳረፈችው። ያን ጊዜ ያስተማርኩት ሁሉ ገና የገባኝ መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን ሆዴን ይበላኝ ነበር። እንግዳ ቤቱ ያሳደረ ሰው ቀበሌ ሄዶ ማስመዝገብ ነበረበት። ማን ናት? ከየት መጣች? ባሏ ማነው? እውነቱን ብናገር አስካለን ይወስዷታል። ጎረቤቴ ወይዘሮ ጠጄ ነገሩን ታውቅ ነበርና፣ "የእህቴ ልጅ ናት በይ። ባሏ ወታደር ነው፣ ግዳጅ ላይ ነው በይ። ማን ይጠይቅሻል? አንቺን ያላመኑ ማንን ሊያምኑ ነው?" አለችኝ። እኔ ግን ውሸት ኃጢአት ነው ብዬ እምቢ አልኩ። ዛሬ ነገ እያልኩ ምዝገባውን አጓተትኩት። ወይዘሮ ጠጄ ራሷን ነቀነቀች። "ይኸ ጽድቅሽ ይቺን ልጅ እንዳያስበላት" አለች።

የቀበሌ ስብሰባ እሑድ ጠዋት ነበር፣ ልክ በቅዳሴ ሰዓት። መቅረት ያስጠረጥራል፣ ቤት የተገኘም ይያዛል። ሁላችንም ሄድን፤ አስካለም ነጠላዋን እስከ ጉልበቷ ለቃ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። ስብሰባው ሊያልቅ ሲል ሊቀመንበሩ ወረቀት አየና ቀና አለ።

"ጓድ ተሬዛ፣ ተነሺ። ቤትሽ ያለችው እርጉዝ ማን ናት? መዝገብ ላይ የለችም።"

ተነሳሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። በሩ ላይ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጥበቃዎች ቆመዋል። እውነቱን ብናገር አስካለ አለቀላት፤ እኔም ሸሽጋለች ተብዬ አለቀልኝ። የእህቴ ልጅ ናት ብል ደግሞ እህትሽ የት ነው ያለችው፣ ጥሪልን፣ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ወዲህ ብል ግድግዳ፣ ወዲያ ብል ግድግዳ ሆነብኝ። ምላሴ ግን መውጫ አገኘ፤ ለእኔ ብቻ የሚሆን መውጫ።

"አላውቃትም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሠራተኛ ፈልጌ ለሙከራ ያስገባኋት ናት። እርጉዝ መሆኗንም አላወቅሁም። ዛሬውኑ አስወጣታለሁ።"

አላውቃትም አልኩ። እኔ፣ የማልዋሸው። እሷን ለማዳን አንዲት ቃል መዋሸት ያቃተው አፌ፣ እሷን ለመካድ ሲሆን ሦስት ውሸት ባንድ ትንፋሽ አወረደው። ሊቀመንበሩ፣ "ይታረም" ብሎ ወረቀቱን አጠፈው። በቃ፣ ይኸው ነበር። የፈራሁት ሁሉ አንዲት "ይታረም" ሆኖ አለፈ። የእህቴ ልጅ ናት ብል ኖሮ እንደዚሁ ያልፍ ነበር? አላውቅም። ሳላውቀው ልሞት ነው። ከዚያ ሁላችንም ግራ እጃችንን አንስተን "እናቸንፋለን" አልን፤ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

እስከዚህ ያለውን ፍርሃት ነው ትሉኝ ይሆናል። ዘመኑ ነው ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ይሁን። ቀጥሎ ያደረግሁትን ስሙና ከዚያ ፍረዱ።

ከአዳራሹ ስንወጣ አስካለ ቀድማኝ ወደ ቤት ስትሄድ ከኋላ አየኋት። ሮጬ ልደርስባት እችል ነበር። ወይዘሮ ጠጄ ቤት ለጥቂት ቀን ደብቄ፣ ከዚያ ከሲስተሮቹ ጋር ልመክር እችል ነበር። መንገድ ነበር ማለቴ ነው። እኔ ግን ቀስ አልኩ። ሆን ብዬ ቀስ አልኩ። ጭራሽ መንገድ ቀይሬ በየካ ሚካኤል በኩል ዞርኩ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ከዚያ አልተነሳሁም። ምን እየጠበቅሁ ነበር? እንድትሄድልኝ ነዋ! ውጪ ብዬ እንዳላስወጣት፣ ዓይኗን እንዳላየው፣ ራሷ ሄደች እንድል። እዚያ ተቀምጬም መቁጠሪያዬን ይዤ ጸለይኩ፤ የጸለይኩት ስመለስ እንዳላገኛት ነበር።

ጸሎቴ ተሰማ። ቤቱ ተጠርጓል። ቁልፉን ለወይዘሮ ጠጄ ሰጥታለች። ነጩ ጨርቅ ስፌት መኪናው ላይ ነበር፤ ግማሽ ጠርዙ ተሰፍቶ መርፌው እንደተሰካ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወይዘሮ ጠጄ መጣች። ደጃፌ ላይ ቆማ፣ አልገባም ብላ ነገረችኝ። አስካለ ከተራራው ወዲያ ያለችው ሴትዮ ዘንድ ሄዳለች። ልጁ የለም። እሷም ብዙ ደም ፈሷት ለጥቂት ተርፋለች፤ አንዲት አክስቷ ቤት ተኝታለች። ቤቱን ነገረችኝ፣ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው። አልሄድኩም። በማግሥቱም አልሄድኩም፣ በወሩም አልሄድኩም። ምን ይዤ ልሂድ? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ታዲያ ማስተማሩን ያቆምኩ ይመስላችኋል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ብሶብኝ አረፈው። እንዲያውም ያን ሰሞን ቄሱ ለምዕመናን ሴቶች እንድናገር ጠየቁኝና ተናገርኩ። ሴቶቹ አለቀሱ። "ተሬዛ ስትናገር ልብ ይነካል" ተባለ። ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልናዘዝ? በየዓመቱ ስሜ እየከበረ ሄደ፣ እኔም በስሜ ውስጥ ተቆልፌ ቀረሁ። ቁልፉ በእጄ ነበር፣ ያንንም አውቃለሁ።

በደርግ መጨረሻ ገደማ መገናኛ አውቶቡስ ተሰልፌ ቆሜያለሁ። አንዲት ሴት ከሰልፉ ወጥታ መጣችና ጎንበስ ብላ ሳመችኝ። አስካለ ነበረች። ከስታለች፣ ፊቷ ግን ያው ነው።

"አበልጄ፣ እንዴት ሰነበቱ?" አለችኝ።

በምፀት አልነበረም። በምፀት ቢሆን በቀለለኝ። አብራት ያለችው ሴት ገርሟት፣ "እንዴ አስካለ፣ ልጅ አለሽ እንዴ? ያነሱልሽ ወንድ ነው ሴት?" ብላ ጠየቀች። አስካለ እኔን አየችኝ። ተቆጥታ አልነበረም፤ መልሱን ከእኔ የምትጠብቅ ነበር የምትመስለው። አውቶቡስ መጣ። የእኔ አልነበረም። ተሳፈርኩበት።

ይቅርታ ጠይቂ የሚለኝ ይኖራል። ማንን ልጠይቅ? ያሸሸኝ ዘመኑ ነው አልልም፤ ወይዘሮ ጠጄም በዚያው ዘመን ነበረች። ያኔ ያስተማርኩት ስህተት ነበር ብዬም አላመልጥም። ነፍስ ነው ብዬ ነበር፤ ዛሬም ነፍስ ነው እላለሁ። የማያውቅ ሰው ቢያደርገው አላወቅሁም ይላል። እኔ አውቅ ነበር፣ በእጄ ዳስሼዋለሁ።

አስካለን ማንም እንዳይፈርድባት። እሷ መጠጊያ ፈልጋ መጥታ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እስክትሄድልኝ የጠበቅሁት እኔ ነኝ። ጨርቁ አሁንም ሣጥኔ ውስጥ ነው፣ መርፌውም ዝጎ እዚያው ተሰክቷል። ልጁ ወንድ ይሁን ሴት፣ የክርስትና እናቱ እኔ፣ አላውቅም።